በክርስትና ስም የተፈረመው አቤቱታ

ቱሪን፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ዓለምብርሃን ገብረ ኪዳን፣ ደባርቅ።

ውርጩ ሳይጠና፣ ገብሱ ከማሳ ሳይነሣ ይህች ወረቀት በደህና ታግኝዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዜማ ተማሪዎችዎስ አሁንም እየተደበቁ ይተኛሉ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ኢንተርኔቱም ከተዘጋ ወዲህ የቀረኝ ወረቀት ስለሆነ፣ ወደ ጎንደር ለሚሄድ ሰው ይህን አደራ ሰጠሁ።

የምጠይቅዎ ነገር ትንሽ እንግዳ ነው። የምሠራው የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ነው። እዚያ የሠራተኛ ማኅበር አለን፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ እየተሰበሰብን ስለ ድሮ ሠራተኞች እናነባለን። ባለፈው ሁሉም ከየአገሩ አንድ ታሪክ ይዞ እንዲመጣ ተባለ። የፔሩዋ አመጣች፣ የሞሮኮው አመጣ። እኔ "በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ገበሬና ካህን ነን" አልኩ። ጂዮቫና የምትባል ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር የቀራት ሴት ሳቀችብኝ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ፎቶ ከዚያ በፊት አሳይቻት ነበር። "ታዲያ በየክረምቱ የሚወርደውን ድንጋይ የሚያነሣው ማነው? ካህኑ ነው?" አለችኝ። አፈርኩ።

አያቴ አለነ ከመኮብለሉ በፊት ሊማሊሞ ላይ የመንገድ ሠራተኛ እንደነበረ ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ በላይ እማዬ አትናገርም። እርስዎ ለእናቴ የአክስቷ ልጅ ነዎት፤ ከቤተሰቡም የተማሩት እርስዎ ነዎት። ስለዚያ መንገድ ሠራተኞች የሚነበብ ነገር ካለ ይምከሩኝ።

ዳባት ብቅ ካሉ እማዬን ይጠይቁልኝ። ኩላሊቷ እየባሰባት ነው። ጎረቤቷ በለጠች ባትኖር ምን እንደምሆን አላውቅም።

ልጅዎ ትሕትና


ደባርቅ፣ ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

በሰው አገር ጠብቆ ያቆየሽ አምላክ ክብር ምስጋና ይድረሰው። ወገብሽን ይማርልሽ። እኔ እንደ ዕድሜዬ ነኝ። ተማሪዎቼ እንዳልሽው ይተኛሉ፤ አንዳንድ ጊዜ እኔም አብሬያቸው እተኛለሁ። እናትሽን የሺወርቅን ባለፈው ማክሰኞ አይቻታለሁ። ሰላም ትልሻለች፤ "ትብላ፣ አትክሳብኝ በላት" ብላኛለች።

የዜማ መምህር ስለ ሠራተኛ ታሪክ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ሳቁ ጠፋኝ። የሚነበብ አለ። ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ የደብራችንን ዕቃ ቤት አስከፈትሁና አንድ አሮጌ መዝገብ አወጣሁ።

የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበር ይላል። በየወሩ በ27 ተራ በተራ በየአባሉ ቤት እየተሰበሰቡ ይጠጡ ነበር። ላየው ሰው እንደ ማንኛውም የጽዋ ማኅበር ነው። ነገር ግን አባላቱ ሁሉ የሊማሊሞ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከዳባት፣ ከድብ ባሕር፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ። ጸሎቱ አልቆ ጠላው ሲቀዳ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ናዳው ይመክራሉ። በዚያ ዘመን ሌላ ዓይነት ማኅበር እናቋቁም ቢሉ ማን ይተዋቸው ነበር?

አንዱን ገጽ በእጄ ገልብጬልሻለሁ፦

"ሚያዝያ 27 ቀን 1965። ጽዋው ገብረ ሥላሴ ቤት ገባ። ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ተገኘ። ናዳ የወሰዳቸውን የኃይለ ጊዮርጊስንና የወልደ ትንሣኤን ነፍስ አሰብን። መሥሪያ ቤቱ ለመገነዣ ጨርቅ እንኳ አልሰጠም። ከእንግዲህ ሰው ሲሞት ሬሳው ተነሥቶ እስኪቀበር ማንም አካፋ እንዳይዝ በጽዋው ፊት ተማማልን። የተጎዳ ሰው ቢኖር ቀሪው እሑድ እሑድ እርሻውን እንዲያርስለት ሙሴያችን አሳሰበ።"

ሙሴ የሚሉት የማኅበሩን መሪ ነው። ስማቸው እንደምታዪው ሁሉም የክርስትና ስም ነው፤ በማኅበራቸው በዓለም ስሙ የሚጠራ አልነበረም። ስለዚህ ማን ማን እንደሆነ ከመዝገቡ አታውቂም። ጸሐፊያቸው ካህን ነበር፤ ጽሕፈቱ ያማረ ነው።

ፊደል ላልለየ ልጅ ዳዊት አላስይዝም፤ አንቺንም እንደዚያው ነው የማስተምርሽ። ይህን በደንብ አንብበሽ ስትጨርሺ ሁለተኛውን እልክልሻለሁ።

ካላስቸገርሁሽ አንድ የንባብ መነጽር ላኪልኝ። ዓይኔ ደክሟል።

አጎትሽ መሪጌታ ዓለምብርሃን


ቱሪን፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

እንኳን ከብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ገና ያለ ዘመድ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል አልነግርዎትም፤ ብቻ አለፈ። መነጽሩን ሁለት አድርጌ ልኬያለሁ፤ አንዱን ተማሪዎችዎ ቢሰብሩት ሌላው ይኖርዎታል።

አጎቴ፣ የላኩልኝን ገጽ ተርጉሜ ሐሙስ ዕለት አነበብኩላቸው። "በጽዋው ፊት ተማማልን" የሚለው ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። ጂዮቫና ተነሥታ አቀፈችኝ። እኔም በበኩሌ የሚነበብ ልምከርዎ፤ ከዚህ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ውኃ ውስጥ ቆመው ሩዝ ያርሙ የነበሩ ሴቶች የስምንት ሰዓት ሥራ እንዴት እንዳስከበሩ የሚናገር አራት ገጽ ነው። በአማርኛ ጻፍኩልዎ። እየዘፈኑ ነበር የሚያርሙት፤ የዜማ ሰው ስለሆኑ ይወዱታል ብዬ ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከእነዚህ ስሞች ውስጥ አያቴ የትኛው ነው? እማዬ የሁለት ዓመት ልጅ ሆና ነው ጥሏት የሄደው። ልጅ ሆና የኮብላዩ ልጅ እያሉ ሲሰድቧት አደገች። ስትዳር "አባትሽን ሁመራ ሄደን እንጥራልሽ ወይ?" ብለው ቀልደውባታል። የጎረቤቱን ሁሉ ተዝካር ስትረዳ ኖራ ለአባቷ አንድ ቀን ጠላ ጠምቃ አታውቅም፤ ላልሞተ ሰው ተዝካር የለማ! እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር የነበረ ሰው ልጁን ጥሎ ይሄዳል ብዬ ማመን እያቃተኝ ነው። ካልሄደ እማዬ ሳትሞት ማወቅ አለባት። ከእርስዎ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

ትሕትና


ደባርቅ፣ የካቲት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፣

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስ። መነጽሮቹ ደረሱኝ። በእነርሱ ያነበብሁት የመጀመሪያ ነገር የሩዝ አራሚዎቹን ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ለተማሪዎቼም ነገርኋቸው። መልሴ የዘገየው መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ስለሚዘጋ ነው። ደግሞም ስለፈራሁ ነው። ሁለቱንም እወቂው።

ሁለተኛው ንባብ ይኸውልሽ። ግንቦት 6 ቀን 1966 ዓ.ም. የተጻፈ አቤቱታ ነው። በቀን አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም፣ ናዳ ለገደለው ሰው መገነዣና ለልጆቹ የሦስት ወር ደመወዝ፣ ክረምት ለክረምት ዝናብ ልብስ ይጠይቃል። ከሥሩ ሃያ ሰባት ስም አለ፤ ሁሉም የክርስትና ስም። በዚያው ቀን አካፋቸውን ጥለው ተቀመጡ። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ መንገዱ በናዳ ተዘግቶ የጭነት መኪና ከላይም ከታችም ተሰልፎ ቆመ። መሥሪያ ቤቱ አሳዳሚዎቹን ሊይዝ ፈልጎ ማንን ይያዝ? ወልደ ሰንበት ተብሎ የሚጠራ ሰው በደመወዝ መዝገቡ ላይ የለም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገበያ መሐል ስድስት ሰው በየዓለም ስሙ ተጠርቶ መኪና ላይ ተጫነ። ወደ ጎንደር ተወስደዋል ተባለ። መኪናው የሄደው ግን ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ነው። በ1972 ዓ.ም. ከድብ ባሕር በላይ ካለው ገደል ሥር አጥንት ተገኘና ስም ሳይጠራበት በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ።

ወልደ ሰንበት የማኅበሩ ሙሴ ነበር። አለነ ሰጠኝ ነው፤ አያትሽ። ሁመራ አልሄደም።

በጥር መጨረሻ ዳባት ሄጄ እናትሽ አጠገብ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። ደክሟት ስለነበር ወሬ አላበዛሁባትም። ሰላም ትልሻለች።

አሁን የምለምንሽ መነጽር አይደለም። ይህን ሁለተኛውን ለሰው አታንብቢው። እዚህ ላይ ብናቆም ይሻላል።

መሪጌታ ዓለምብርሃን


ቱሪን፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ዓለምብርሃን፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኜም አለቅሳለሁ። እንፋሎት በሞላበት ቤት መሥራት አንድ ጥቅም አለው፤ ማንም አያይም።

"ወሬ አላበዛሁባትም" ብለው ጻፉልኝ። ወሬ ነው ይሄ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ አባቷ የጠላት ሲመስላት የኖረች ሴት አጠገብ ቁጭ ብለው፣ እያወቁ፣ ሳይነግሯት ተነሡ! በስልክ ልነግራት ሞከርኩ፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ "አባትሽ" ስላት "ተይኝ" ብላ ትዘጋዋለች። ፊት ለፊት፣ በሽማግሌ አፍ፣ ወረቀቱን በእጇ አስይዞ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እባክዎን ይሂዱ። ዛሬውኑ ይሂዱ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ እንቅልፍ ስላሳጣኝ እጠይቃለሁ። መሥሪያ ቤቱ ወልደ ሰንበት ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር ብለዋል። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ስድስቱን በዓለም ስማቸው ጠራቸው። የሰውን የክርስትና ስምና የዓለም ስም አዛምዶ የሚያውቅ ማነው? የነፍስ አባቱ ነው። ማኅበሩ ካህን ጸሐፊ ነበረው፣ ጽሕፈቱም ያማረ ነበር። ስሙን ግን አልጻፉልኝም።

ማነው ካህኑ?

ትሕትና


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ትሕትና፣

በዚህ በዐቢይ ጾም አምላክ ያጽናሽ። ሦስተኛውን ንባብ ልኬልሻለሁ። ከዚህ በኋላ የምመክርሽ ንባብ የለኝም። ካህኑ ቄስ ገብረ ኪዳን ይባላሉ፤ አባቴ ናቸው። ይህን በግል ደብተራቸው ላይ ያገኘሁት በ1989 ዓ.ም. ሲሞቱ ነው። እስከ ዛሬ ለሰው አላሳየሁትም።

"ግንቦት 14 ቀን 1966። የመንገዱ ሹም ያርጋል አቤቱታውን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ስሞቹን ፍታልኝ አለ። ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ። ዛሬ ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን የሚበቃ ቆርቆሮ ከመሥሪያ ቤቱ አሰጥሃለሁ አለኝ። ሣሩ በስብሶ ክረምት በመጣ ቁጥር መቅደሱ ያፈሳል። የስድስቱን ስም ፈታሁለት፤ ሃያ አንዱን አላውቃቸውም አልሁ። ቢገርፏቸው ነው ብዬ ነበር። አለነ የሚስቴ እኅት ባል ነው። እርሱን ባስቀር ዘመዱን ሸሸገ ይሉኛል ብዬ አስገባሁት።

ግንቦት 29። ምሥራቅ ስለ ባሏ ልትጠይቀኝ መጣች፤ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ። ሁመራ ኮብልሏል አልኋት። ሞቷል ብላት ፍትሐቱን የምፈታው እኔ ነኝ። በየትኛው አፌ?"

ይኸው ነው። ቆርቆሮው በ1967 ዓ.ም. ተመታ። ከሥሩ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ዜማ አስተማርሁ፤ ዝናብ ሲመታው ተማሪዎቼ ድምፄን አይሰሙኝም።

መሪጌታ ዓለምብርሃን


ቱሪን፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሪጌታ፣

እንኳን ከትንሣኤው አደረሰዎ። አጎቴ ብዬ ልጀምር ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ስለ አባትዎ የምለው ብዙ ነበረኝ። "ዘመዱን ሸሸገ ይሉኛል ብዬ" የሚለውን ሳነብ ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። እርስዎም ሃያ ሰባት ዓመት ያውቁ ነበር። እማዬን በየዓመት በዓሉ እየመጡ ይጠይቋት ነበር፤ ዳቦዋን ቆርሰው መርቀው ይበሉ ነበር። ሌላውን ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው።

ከመጋቢት ወዲህ ስደውል ስልኩን የምታነሣው በለጠች ናት። መጀመሪያ "ተኝታለች" አለችኝ። ቀጥሎም ተኝታለች። በትንሣኤ ማግስት ደወልኩ፤ "ጸበል ሄዳለች" አለችኝ። ካልጋዋ የማትነሣ ሴት የትኛው ጸበል ሄደች? አጥብቄ ስጠይቃት "አይሰማኝም፣ አይሰማኝም" ብላ ዘጋችው። እርስዎም በመጨረሻው ደብዳቤዎ ከወትሮው የጎደለ ነገር አለ። "እናትሽ ሰላም ትልሻለች" አላሉም።

እናቴ በሕይወት አለች ወይ? ምንም ምርቃት አይጻፉልኝ። ይህን ብቻ ይመልሱልኝ።

ትሕትና


ደባርቅ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣ ልጄ ማለቱን ከፈቀድሽልኝ፣

እናትሽ የለችም። መጋቢት 5 ቀን ጠዋት ዐርፋለች። ሦስተኛውን ንባብ የጻፍሁልሽ አርባዋን ባወጣን ማግስት ነው።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝሽና የሚደግፍሽ ወገን ባለበት ነው የሚነገረው። በለጠችም ሆነች መላው የዳባት ዘመድ የዋሹሽ ለዚህ ነው፤ አትቀየሚያቸው። እኔም አንቺ ባለሽበት ከተማ መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ ለማግኘት በየሰው ሳስልክ ቆየሁ። አላገኘሁም። አራተኛውን ወር ስይዝ ራሴን ታዘብሁት። አባቴ የአያትሽን ሞት ከእናትሽ ሸሸጉ፤ እኔ የእናትሽን ሞት ካንቺ ሸሸግሁ። እርሳቸውም ምክንያት ነበራቸው። ስለዚህ ወጉን ጥሼ ጻፍሁልሽ። ስታነቢው ያቺ ጂዮቫና ያልሻት ሴት አጠገብሽ ብትኖር ደስ ይለኛል።

በጥር መጨረሻ ዳባት የሄድሁ ጊዜ ደብተሩ በቦርሳዬ ነበር። ላወጣው ስል እናትሽ እጄን ያዝ አደረገችና "አንተ ታድለህ፤ አባትህ ካጠገብህ ሆነው ነው የሞቱት። የእኔው ሌላ ልጆች አሳድጎ ይሆናል" አለችኝ። ደብተሩን ሳላወጣ ቦርሳዬን ዘጋሁት። ያንቺን የመጋቢት ደብዳቤ ጎንደር የሄደ ነጋዴ ያመጣልኝ መጋቢት 28 ቀን ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝ እሄድ ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። አልጽፍም፤ አላውቀውምና። ሳልነግራት ሞተች።

ባለፈው እሑድ፣ በጰራቅሊጦስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሜ ሦስቱንም አነበብሁ፤ መዝገቡን፣ አቤቱታውን፣ የአባቴን ደብተር። አለቃችን በመሐል "ይብቃ መሪጌታ" አሉኝ። አላቆምሁም። ግማሹ ሰው ወጣ። ያርጋል የሚለው ስም ሲነሣ የልጅ ልጆቹ ቆመው ነበር፤ አንዱ እየተራገመ ሄደ። ከአምባ ጊዮርጊስ ለበዓሉ የመጡ ማዕረግ የሚባሉ አሮጊት ግን ወደ እኔ መጥተው "ኃይለ ሥላሴ የሚል ከስድስቱ አለበት?" ብለው ጠየቁኝ። አለበት አልኋቸው። ወንድማቸው ነው። "ሱዳን ነው ብለውን ነበር" አሉና መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ለስድስቱም በየክርስትና ስማቸው ፍትሐት ተደርጓል። ከተማሪዎቼ አራቱን ወላጆቻቸው ወስደዋቸዋል። የቀሩት አሉ።

ሰኞ መኪና ስላልነበረ በእግሬ ተነሥቼ ማክሰኞ ዳባት ገባሁ። በለጠችን ይዣት መቃብሩ ላይ ሄድን። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር አፈሩ ገና አልረጋም። የለመድሁት ጸሎት ሁሉ ጠፋኝ። በመጨረሻ "የሺወርቅ፣ አባትሽ ጥሎሽ አልሄደም። አባቴ አሳልፈው ሰጥተውት ነው" አልሁ።

በለጠች ክንዴን ነካ አደረገችኝ። "ጮክ ይበሉላት፣ መሪጌታ። ኋላ ኋላ ጆሮዋ ደክሞ ነበር" አለችኝ።

ጮክ ብዬ ደገምሁላት።

መሪጌታ ዓለምብርሃን ገብረ ኪዳን